ጥሪን በኢንተርኔት ማስተላለፍ፤ ለነጋዴው የሚሰጠው ጥቅምና የሚያስከትለው ጉዳት

«ጠሪ አክባሪ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አነጋገር በንግድ ሥራ ላይ ሲመዘን የጨዋነት ምክር ብቻ ሳይሆን የሒሳብ መዝገብም ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ዕቃ ፈልጎ የሚደውል ሰው ገንዘቡን ይዞ ከሱቁ ደጃፍ እንደ ቆመ ገዢ ይቆጠራልና። ስልኩ ጮኾ ጮኾ የሚያነሣው ያጣ እንደሆነ ግን ደዋዩ ቂም አይዝም፤ የወቀሳ ደብዳቤም አይጽፍም፤ በማስታወሻው ላይ ቀጥሎ ወደ ተጻፈው ነጋዴ ይደውላል። የመጀመሪያው ነጋዴም ምን ያህል ገበያ እንዳመለጠው ሳያውቅ ይመሽበታል።

ይህ ችግር በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚነግዱ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ እንውሰድ። ሱቁ ነፋስ መውጫ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ማር ይሰበስባል፤ መጋዘኑ ባሕር ዳር፣ የወንድሙ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ነጋዴው አንድ ቀን ዐርብ ገበያ ወርዶ እህል ያስለካል፤ በሌላ ቀን ወገዳ ለቅሶ ለመድረስ ይሄዳል፤ በዓመት አንድ ጊዜም ቤተ ልሔምን ለመሳለም ይጓዛል። በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ስልኩ አንድም ሸለቆ ውስጥ መስመር አጥቶ፣ አንድም ባትሪው ዐልቆ፣ አንድም በገበያው ጫጫታ መካከል ሳይሰማ ይቀራል። ደንበኛው ግን ነጋዴው ለቅሶ ላይ መሆኑን ከየት ያውቃል?

ለዚህ ችግር መድኀኒት ተብሎ ዛሬ በየቦታው የሚቀርበው ጥሪን በኢንተርኔት አማካይነት የማስተላለፍ አገልግሎት ነው። በገበያው አነጋገር «ዳይቨርት ማድረግ» የሚባለው ሥራ በኢንተርኔት ሲፈጸም ማለት ነው። አገልግሎቱን የሚሸጡት ሰዎች ጥቅሙን አብዝተው ይናገራሉ፤ ጉዳቱን ግን ነጋዴው ራሱ ከደረሰበት በኋላ እንዲያውቀው ይተዉታል። ስለሆነም ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ መመልከት ይገባል።

ስልከኛው ይሠራው የነበረው ሥራ

ጥሪን ከአንዱ ወደ ሌላው ማስተላለፍ ከነአካቴው አዲስ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ የስልክ መስመር ሥራ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ሐረርንና አዲስ አበባን በሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተጀመረ። በ1945 ዓ.ም የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቁሞ አገልግሎቱ ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሰፋ ሲሄድ፣ በብዙ ትንንሽ ከተሞች ለሕዝብ የሚያገለግለው ስልክ በስልክ ጣቢያው ያለው ብቻ ነበር። ደዋዩ የሚፈልገውን ሰው ስም ለስልከኛው ይነግራል፤ ስልከኛውም መልክተኛ ይልካል፤ የተጠራው ሰው ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ጣቢያው ይመጣል። ጎበዝ ስልከኛ የከተማውን ነጋዴ ሁሉ ውሎ ያውቅ ስለነበር፣ «እሳቸው ገበያ ወርደዋል፤ ወንድማቸው ግን ሱቅ ናቸውና ልጥራልዎን?» ብሎ ደዋዩን መጠየቅ ይችል ነበር። በዛሬ አነጋገር ጥሪ አስተላለፈ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን በመካከል የሚቆም ሰው ካለ የእምነት ጉዳይ ይነሣል። በአሜሪካ አገር በካንሳስ ሲቲ ይኖር ስለነበረው ስለ አልመን ስትሮውጀር የሚተረከው ታሪክ ይህንን በሚገባ ያስረዳል። ሰውየው የቀብር ሥነ ሥርዓት በማስፈጸም የሚተዳደር ነጋዴ ነበር። እንደሚባለው፣ በከተማው የስልክ ማዞሪያ ላይ የተቀመጠችው ስልከኛ የተፎካካሪው ዘመድ ስለነበረች፣ እሱን ብለው የሚደውሉትን ሰዎች ወደ ተፎካካሪው ሱቅ ታገናኝበት ነበር። ስትሮውጀር ገበያው ለምን እንደ ቀነሰ በደረሰበት ጊዜ ክርክር በመግጠም ፈንታ ስልከኛ የማያስፈልገውን ማዞሪያ ፈለሰፈ፤ የፈጠራ መብቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም ተመዘገበለት። ሰው የማያዞረው የስልክ ማዞሪያ ወደ ዓለም የተስፋፋው ከዚህ ሰው ሥራ ተነሥቶ ነው።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴው የሚቀስመው ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም ጥሪን የሚያስተላልፍ ሁሉ፣ ሰውም ይሁን መሣሪያ፣ የነጋዴውን ደንበኛ በእጁ የያዘ መሆኑ ነው። በኢንተርኔት የሚሠራውም ማስተላለፊያ ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ስለዚህ ጥያቄው ማስተላለፊያው በራሱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚል አይደለም፤ ቁልፉ በማን እጅ ይሁን የሚል ነው።

ሁለቱ መንገዶች

ጥሪን ለማስተላለፍ ዛሬ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የሞባይል ስልክ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በማዞሪያው ላይ የሚፈጽመው ነው። ይህ በዓለም ላይ ያሉ የሞባይል ማዞሪያዎች የጋራ ሥርዐት ሲሆን፣ ነጋዴው በስልኩ ላይ አጭር ትእዛዝ በመጻፍ ያስጀምረዋል። ሁለት ጊዜ ኮከብ፣ 21፣ ኮከብ፣ የተቀባዩ ቁጥር፣ በመጨረሻም መሰላል ተጽፎ ሲደወል፣ ጥሪ ሁሉ በቀጥታ ወደተባለው ቁጥር ይሄዳል። በ21 ፈንታ 61 የተጻፈ እንደሆነ ስልኩ ሳይነሣ ሲቀር ብቻ ይተላለፋል፤ በ67 መስመሩ ሲያዝ፣ በ62 ደግሞ ስልኩ ሲዘጋ ወይም ከመስመር ውጭ ሲሆን ይተላለፋል። ሁለት ጊዜ መሰላል፣ 002፣ መሰላል ተብሎ ሲደወል የተላለፈው ሁሉ ይሰረዛል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ስልኩም ዘመናዊ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው መንገድ በኢንተርኔት የሚፈጸመው ነው። በዚህኛው ነጋዴው ከአንድ አቅራቢ ድርጅት ቁጥር ይከራያል። ቁጥሩ በሲም ካርድ ላይ ያለ አይደለም፤ መኖሪያው በአቅራቢው ኮምፒዩተር ላይ ነው። ደንበኛው ያንን ቁጥር ሲደውል ኮምፒዩተሩ ጥሪውን ተቀብሎ፣ ነጋዴው አስቀድሞ በሰጠው ትእዛዝ መሠረት ወደ ሌላ ቦታ ይልከዋል። የሚላክበትም ቦታ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ በተለመደው የስልክ መስመር ወደ ነጋዴው ሞባይል ይደርሳል፣ ወይ ደግሞ በኢንተርኔቱ ላይ እንዳለ በዘመናዊ ስልክ ወይም በኮምፒዩተር ላይ በተጫነ ፕሮግራም ይጮኻል። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ ወደፊት እንደሚታየው፣ ብዙ ነገር የሚወሰነው በእሱ ነው። በአሜሪካ የጉግል ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም ለአገሩ ነዋሪዎች ያቀረበው ጉግል ቮይስ የተባለው አገልግሎት፣ አንድ ቁጥር ሲደወል ብዙ ስልኮች እንዲጮኹ በማድረጉ ሥራውን በሰፊው አስተዋወቀ።

የሚገኘው ጥቅም

የመጀመሪያው ጥቅም የቁጥር ጽኑነት ነው። የነጋዴ ስልክ ቁጥር እንደ ሱቁ ሰሌዳ የሚቆጠር ነው፤ በደረሰኙ፣ በማኅተሙ፣ በከረጢቱ ላይ የታተመ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥሮች ወደ 10 አኀዝ በተለወጡ ጊዜ፣ ቁጥሩን የቀየረ ሰሌዳና ደረሰኝ እንደገና ማዘጋጀት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያ ዘመን ያለፈባቸው ነጋዴዎች ያስታውሱታል። ደንበኛ የሚያውቀው ቁጥር አንድ ሆኖ ከጀርባው ያለው ስልክ ግን እንደ ልብ ሊቀያየር ቢችል፣ ሱቅ ሲዛወር፣ ሠራተኛ ሲለወጥ ወይም ሲም ካርድ ሲጠፋ ገበያ አይቋረጥም።

ሁለተኛው ጥቅም ጥሪን በሥርዐት ማከፋፈል ነው። የሞባይሉ መደበኛ ማስተላለፊያ ጥሪውን ወደ አንድ ቁጥር ብቻ ይልካል፤ ያ ቁጥር ካልተነሣ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። የኢንተርኔቱ ግን ሦስትና አራት ስልኮችን በአንድ ጊዜ ያስጮኻል፤ ወይም ተራ በተራ ይሞክራል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የነፋስ መውጫው ነጋዴ ለቅሶ ላይ ሳለ ጥሪው መጀመሪያ ወደ ሱቁ፣ ቀጥሎ ወደ ባሕር ዳሩ መጋዘን፣ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባው የወንድም ልጅ ሊሄድ ይችላል። ከዚህም ጋራ ማን በስንት ሰዓት እንደ ደወለ፣ ማን እንዳነሣና ያልተነሣው ጥሪ ስንት እንደሆነ በመዝገብ ይቀመጣል። ነጋዴው ማታ መዝገቡን ተመልክቶ ላልተነሡት መልሶ ይደውላል። ለብዙ ነጋዴ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ይህ መዝገብ ሳይሆን አይቀርም፤ ያመለጠውን ገበያ ቁጥር አውቆ መሻሻል የሚቻለው በዚህ ነውና።

ሦስተኛው ጥቅም በተለይ ላኪዎችንና አስመጪዎችን ይመለከታል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማርና ቡና ከአገራቸው ያስመጣሉ። በዚያ ያለ ባለ ሱቅ ወደ ኢትዮጵያ ለመደወል የውጭ አገር ጥሪ ዋጋ ሲያስብ ወደ ኋላ ሊል ይችላል። ላኪው የዋሽንግተን ቁጥር ቢከራይ ግን ደዋዩ የሰፈሩን ዋጋ ብቻ ከፍሎ ያነጋግረዋል። የሰዓቱም ነገር አለ። የጓንጁ ነጋዴ በእሱ አገር ጧት ሱቁን ሲከፍት በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ የዋሽንግተኑ ደግሞ ከሥራ ሊወጣ ሲል፣ እንደ ወቅቱ፣ በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ይሆናል። በኢንተርኔቱ ማስተላለፊያ የሌሊቱ ጥሪ ወደ መልእክት መቀበያ፣ የቀኑ ጥሪ ወደ ጸሓፊው ጠረጴዛ እንዲሄድ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል። ነጋዴውም ይተኛል፤ ደዋዩም መልስ ያገኛል።

የሚከተለው ወጪ

ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ፣ ወጪው ደግሞ በጥንቃቄ ይታይ። በማናቸውም ማስተላለፊያ አንድ ጥሪ ሁለት ጥሪ ይሆናል። ደዋዩ እስከ ነጋዴው ቁጥር ድረስ ያለውን ይከፍላል፤ ከነጋዴው ቁጥር ወደ ሌላው የሚሄደውን ደግሞ ነጋዴው ራሱ ይከፍላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል ቀርቶ በወሩ መጨረሻ ይደነግጣል። ለስሌት እንዲመች የአንድ ደቂቃ ዋጋ 1 ብር ነው ብንልና በቀን 20 ጥሪ እያንዳንዱ ለ3 ደቂቃ ቢተላለፍ፣ በቀን 60 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 1560 ብር ይሆናል ማለት ነው።

በኢንተርኔቱ መንገድ ሒሳቡ በሌላ ቅርጽ ይመጣል። ጥሪው በውጭ አገር ካለ ኮምፒዩተር ተነሥቶ በኢትዮጵያ ሞባይል ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ያ ክፍል የውጭ አገር ጥሪ ነውና ዋጋው የሚቀል አይደለም። በፕሮግራም የሚቀበሉት ከሆነ ደግሞ የኢንተርኔት ፍጆታ አለ። ድምፅ ሳይጨመቅ በተለመደው ደረጃ ሲላክ የአንድ ደቂቃ ንግግር 1.3 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል። በቀን ለ60 ደቂቃ ያህል ቢነጋገሩ በ26 ቀን 2 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው፤ ይህ ለብዙ ነጋዴ የሚከብድ አይደለም።

የሚከብደው ወርኀዊው ኪራይ ነው፤ አብዛኛው አቅራቢ የሚጠይቀው በዶላር ስለሆነ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ሥርዐቱ በገበያ እንዲመራ በተወሰነ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 10 ዶላር ይከፍል የነበረ ነጋዴ፣ አገልግሎቱ በምንም ሳይሻሻል፣ ከ570 ብር ወደ 1000 ብርና ከዚያም በላይ ሒሳቡ ወጣበት። በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ውል የሚገባ ሰው የምንዛሪውን ነገር እንደ ዕቃ አስመጪ ሆኖ ማሰብ አለበት።

መስመር ሲቋረጥ

ከወጪው ይልቅ የሚያሠጋው የመስመር መቋረጥ ነው። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ኢንተርኔት በመላ ኢትዮጵያ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በአማራ ክልል ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2016 ዓ.ም ማብቂያ ነው። አንድ ሰሞን የሚጠፋ መብራት ሻማ በማብራት ይታለፋል፤ ለአንድ ዓመት የጠፋ መስመር ግን ደንበኛን ከነጋዴው አለያይቶ ለሌላው ያስረክባል።

የነፋስ መውጫው ነጋዴ በዚያ ዓመት የኢንተርኔት ቁጥር ብቻ ኖሮት ቢሆን ምን ይገጥመው እንደ ነበር ማሰብ አያስቸግርም። ጥሪውን በፕሮግራም ይቀበል የነበረ እንደሆነ ፕሮግራሙ ይዘጋበታል። ጥሪው በተራ ሞባይል የሚያርፍ ቢሆን፣ የሞባይሉ መስመር እስካለ ድረስ ሊደርሰው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ማዘዣውን ከፍቶ «ዛሬ ወደ ሱቁ፣ ነገ ወደ መጋዘኑ ይሂድ» ብሎ ለመለወጥ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቁጥሩ በመጨረሻው ቀን ወደ ታዘዘበት ቦታ ብቻ መጮኹን ይቀጥላል። ባሕር ዳር ያለው መጋዘን ጠባቂ ሥራውን ቢለቅ እንኳ፣ ጥሪው ወደዚያው ሰው ስልክ ሲሄድ ይከርማል። ነጋዴው ደንበኞቹ ከማን ጋራ እንደሚነጋገሩ አያውቅም። የካንሳስ ሲቲው ነጋዴ ነገር እዚህ ላይ ይታወሳል።

የድምፁም ጥራት የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። በኢንተርኔት የሚጓዝ ድምፅ ተቆራርጦ በትንንሽ ጥቅል ይላካል፤ ተቀባዩ ዘንድ ይገጣጠማል። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ለመድረስ ከሴኮንድ 150 ሺኛ በላይ ሳይዘገይ ሲቀር ንግግሩ ያምራል፤ መዘግየቱ እየጨመረ ሲሄድ ሁለቱ ሰዎች አንዱ በአንዱ ላይ መናገር ይጀምራሉ፤ ጥቅሎቹ የጠፉ እንደሆነም ቃል ይዘለላል። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ስፍራ በመሆኗ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተማሪ አንዲት ዜማ ሳትጎድል እንዲያዜም ይፈተንባታል። ነጋዴም በስልኩ ላይ እንዲሁ መጠንቀቅ አለበት፤ «ዐሥራ አምስት» የተባለው «አምስት» ሆኖ ከተሰማ፣ «ኩንታል» የተባለው ከጠፋ፣ ጠቡ ከደንበኛው ጋራ ነው እንጂ ከመስመሩ ጋራ አይደለም። ስለዚህ በኢንተርኔት የተነጋገሩበትን ትእዛዝ መጠኑንና ዋጋውን በጽሑፍ መልእክት ማረጋገጥ የሚገባ ነው።

አቅራቢው ሱቁን ሲዘጋ

የኢንተርኔት ቁጥር ባለቤት ማን ነው? ብዙው ተከራይ ቁጥሩ የእሱ ይመስለዋል። ስካይፕ የተባለው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም ተመሥርቶ፣ በ2011 ማይክሮሶፍት ገዝቶት፣ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀ የኢንተርኔት ስልክ ሆኖ ነበር። ከውጭ አገር ጋራ የሚነግዱ ብዙ ሰዎች ቁጥር ተከራይተውበታል። ድርጅቱ ግን ከሁለት ወር ገደማ ማስጠንቀቂያ በኋላ በሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም አገልግሎቱን ዘጋ። ቁጥር የተከራዩትም ወደ ሌላ አቅራቢ ማዛወር ወይም መተው ግድ ሆነባቸው። እንዲህ ያለ ግዙፍ ድርጅት ከዘጋ፣ ስሙ ያልታወቀ ትንሽ አቅራቢ ነገ እንደሚኖር ዋስትናው ምንድን ነው? በቁጥሩ ላይ ሰሌዳ ያስጻፈ፣ ከረጢት ያሳተመ ነጋዴ ይህን ጥያቄ ውል ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ አለበት።

አታላዮችና ሕጉ

ማስተላለፊያ ለሌባም መሣሪያ ሊሆን ይችላል። አታላዩ የስልክ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መስሎ ይደውልና «መስመርዎ ሊቋረጥ ነው፤ ይህንን ቁጥር ይደውሉ» ይላል። የሚያስደውለውም ቀደም ሲል የተገለጸውን በ21 የሚጀምር ትእዛዝ ሲሆን መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር የራሱ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የነጋዴው ጥሪ ሁሉ ወደ አታላዩ ይሄዳል። እሱም የነጋዴውን ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም በራሱ ስልክ ለመክፈት የማረጋገጫ ቁጥሩ በድምፅ ጥሪ እንዲነገረው ይጠይቃል፤ ጥሪው ለእሱ ይደርሰዋል፤ በነጋዴው ስም ለደንበኞች «ገንዘቡን በዚህ ሒሳብ አስገቡ» ብሎ ይጽፋል። መከላከያው ቀላል ነው። ባልታወቀ ሰው ትእዛዝ ኮከብና መሰላል ያለበትን ቁጥር አለመደወል፣ ከተጠራጠሩም በ002 የተላለፈውን ሁሉ መሰረዝ ነው። ከዚህ ጋራ ማወቅ የሚገባው፣ ጥሪ ሲተላለፍ የጽሑፍ መልእክት አብሮ አለመተላለፉ ነው። የባንክና የቴሌብር መልእክት ሲም ካርዱ ባለበት ስልክ ላይ ይቀራልና ሲሙን በጥንቃቄ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የሕጉንም ነገር ቸል ማለት አይገባም። በ2004 ዓ.ም የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥን ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጓል፤ አውቆም ሆነ በቸልተኝነት ከእንዲህ ያለ ሰው አገልግሎት የሚያገኘውንም ቅጣት ይነካዋል። በዚያው ጊዜ ሕዝቡ በስካይፕ መነጋገር ተከለከለ ብሎ ሲጨነቅ፣ ለግል መነጋገር እንዳልተከለከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሞ ለአቅራቢዎች ፈቃድ የመስጠት ሥራ ተሰጠው። ከዚህ የምንረዳው፣ ለራስ ጥቅም መነጋገርና ለሌላው ጥሪ እያስተላለፉ መነገድ በሕግ ፊት አንድ አለመሆናቸውን ነው። «የውጭ ጥሪ በርካሽ እናስገባለን» እያሉ ብዙ ሲም ካርድ በአንድ ሣጥን ሰክተው የሚሠሩ፣ ሲም ቦክስ የሚባለውን ሥራ የያዙ ሰዎች አሉ፤ ነጋዴ ከእነሱ ጋራ ቢዋዋል ርካሹ ዋጋ በኋላ ይወደድበታል። ስለሆነም አቅራቢው ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቆ፣ ውሉን ለሕግ ዐዋቂ አሳይቶ መፈረም ይገባል።

ለማን ይበጃል?

እንግዲህ ሁለቱን ሲመዝኑ መልሱ ለሁሉም ነጋዴ አንድ አይሆንም። ደንበኞቹ በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በደብረ ታቦር የሚገኙ ባለ ሱቅ ለኢንተርኔቱ ማስተላለፊያ ዶላር የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። የሞባይሉ መደበኛ ማስተላለፊያ ይበቃዋል፤ ስልኩ ሳይነሣ ወይም ከመስመር ውጭ ሲሆን ብቻ ወደ ሱቅ ጠባቂው እንዲሄድ በ61ና በ62 ቢያዝዝ ወጪውም ያንሳል። ጥሪ ሁሉ እንዲተላለፍ የሚያደርገውን 21ን ግን ለረዥም ጉዞ ብቻ ቢጠቀምበት ይሻላል።

በልዩ ልዩ ከተማ ቅርንጫፍ ያለው፣ በቀን ብዙ ጥሪ የሚቀበል ጅምላ ሻጭ ግን ጥሪ ማከፋፈልና መዝገብ መያዝ ስለሚያስፈልገው ከኢንተርኔቱ ይጠቀማል። ላኪና አስመጪ ደግሞ በውጭ አገር ያለ ቁጥር ሊረዳው ይችላል፤ ዋናው የንግድ ቁጥሩ ግን በስሙ የተመዘገበው ያገር ውስጥ ሲም ሆኖ፣ የኢንተርኔቱ ቁጥር ረዳት ብቻ ይሁን። በሰሌዳ፣ በማኅተምና በደረሰኝ ላይ መታተም ያለበት የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው በደብዳቤው ግርጌ ቢጻፍ ይበቃል።

ውል ከመፈረሙ በፊትም ነጋዴው አምስት ነገር ይጠይቅ። ቁጥሩን ወደ ሌላ አቅራቢ ማዛወር ይቻላልን? ኢንተርኔት ቢቋረጥ ጥሪው በራሱ ወደ ተራ ሞባይል ይሄዳልን? የወሩ ክፍያ በምን ገንዘብ ነው? የጥሪዎቹን መዝገብ ከነጋዴው በቀር ማን ሊያየው ይችላል? የማዘዣው የይለፍ ቃል በማን እጅ ነው? በተለይ በመጨረሻው ላይ ልብ ማለት ያሻል። ማዘዣውን ያዘጋጀለት ወጣት ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ብቻውን ይዞ ከሥራ ቢለቅ፣ የነጋዴው ደንበኛ ሁሉ በዚያ ወጣት ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የመዝገብ ሣጥኑን ቁልፍ ለማንም የማይሰጥ ነጋዴ የስልኩንም ቁልፍ እንዲሁ ይጠብቅ።

አንድ ነገር ደግሞ በምንም መሣሪያ አይተካም። ጥሪው ምንም ያህል በብልሃት ቢተላለፍ፣ መጨረሻው ላይ የሚያነሣው ሰው የዕቃውን ዋጋ የማያውቅ፣ ደንበኛውን በስሙ የማይጠራና «እሳቸው ሲመጡ ይደውሉ» ብቻ የሚል ከሆነ ነጋዴው ያተረፈው ነገር የለም። የዱሮው ስልከኛ የተወደደው ሽቦ ስለሰካ ሳይሆን ነጋዴውንም ደዋዩንም ስላወቀ ነበር። ጥሪ የሚተላለፍለት ሠራተኛ የዕለቱን ዋጋ፣ በመጋዘን ያለውን መጠንና የደንበኞቹን ስም በአንድ ደብተር ላይ ይዞ ይቀመጥ፤ የደዋዩን ስም፣ የፈለገውን ዕቃና የደወለበትን ሰዓት ጽፎ ማታ ለነጋዴው ያስረክብ።

ያገራችን ሰው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብሎ መክሯል። የኢንተርኔቱ ማስተላለፊያ መልካም ባላ ነው፤ ብቻውን ግን አይተከል። ያገር ውስጡ ሲም በአንድ በኩል፣ የኢንተርኔቱ ቁጥር በሌላ በኩል፣ በመካከላቸውም ታማኝና ዐዋቂ ሰው ከኖረ፣ ነጋዴው ዐርብ ገበያም ቢወርድ፣ ወገዳ ለቅሶም ቢደርስ፣ አክብሮ የጠራው ደንበኛ ያለ መልስ አይቀርም።